የመስቀል ማዕድ በጉራጌ አገር

የአንድን አገር ሰዎች ለማወቅ የሚፈልግ መንገደኛ ገበያቸውንና መንገዳቸውን ቢመለከት መልካም ነው፤ በበዓላቸው ቀን ከማዕዳቸው ካልተቀመጠ ግን ዕውቀቱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ማዕድ ብዙ ነገር ይናገራልና። መሬቱ ምን እንደሚያበቅል፥ ከብቱ ምን እንደሚሰጥ፥ ጎረቤትና ጎረቤት እንዴት እንደሚረዳዱ፥ የቤቱም እመቤት ምን ያህል እንደ ደከመች፥ ይህ ሁሉ ከምግቡ ላይ ይነበባል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን አንባቢዎቻችንን ይዘን ወደ ጉራጌ አገር እንሄዳለን፤ የመስቀልንም ማዕድ ከሥሩ ጀምረን እናያለን።

ክትፎን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በምግብ ቤት ተቀምጦ ያዘዘ ሰው ጥቂት ደቂቃ እንደ ቆየ በጣባ ሆኖ ይቀርብለታል፤ በልቶም ከፍሎም ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ክትፎ በደቂቃ የሚሠራ ምግብ ይመስለዋል። በተወለደበት አገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሥጋው በአንድ ሰዓት ቢከተፍ ቅቤው የተጠራቀመው በብዙ ወራት ነው፤ አብሮት የሚበላው ቆጮ ደግሞ ከተተከለ አምስትና ስድስት ዓመት ከሆነው እንሰት የወጣ ነው። እንግዲህ የመስቀልን ማዕድ በልቶ የሚያመሰግን ሰው፥ የሚያመሰግነው የአንድ ቀን ሙያ ሳይሆን የብዙ ዓመት ትዕግሥት መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የወጣ ሰው ሰበታን፥ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ወልቂጤ ይደርሳል። በመስከረም ወር ይህ መንገድ እጅግ ያማረ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉም ገና ለጋ ነው። ወደ ወሊሶ ሲቃረቡ የመሬቱ መልክ እየተለወጠ ይሄዳል። በየቤቱ ጓሮ ቅጠለ ሰፊ፥ ግንደ ወፍራም ተክል መታየት ይጀምራል፤ ከወልቂጤ ወደ ጉብሬና ወደ እምድብር ሲታጠፉማ ቤቱ ሁሉ በዚህ ተክል ተከቦ ጣሪያው ብቻ ይታያል። ይህ እንሰት ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ሙዝ ይመስላል፤ በእርግጥም የሙዝ ዘመድ ነው። ነገር ግን ሙዝ የሚበላው ፍሬው ሲሆን፥ እንሰት የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው።

በበዓሉ ሰሞን መንገደኛው ብቻውን አይሄድም። በመርካቶና በሌሎችም ከተሞች ሲነግድ የከረመው የጉራጌ ልጅ ሱቁን ዘግቶ፥ ለእናቱ ነጠላ፥ ለአባቱ ጋቢ፥ ለልጆቹ ልብስ ሸክፎ ወደ ተወለደበት መንደር ይመለሳል። እስላም የሆነው ወንድሙም ለዐረፋ በዓል እንዲሁ ያደርጋል። ዓመቱን ሙሉ በከተማ ጠፍቶ የከረመ ልጅ በመስቀል ካልመጣ ወላጆቹ እንደ ትልቅ ኀዘን ይቈጥሩታል። ስለዚህ በእነዚያ ቀኖች አውቶቡሱም የጭነት መኪናውም ሰው ሞልቶ፥ ዘፈኑም ከመስኮቱ እየወጣ ሲያልፍ ይታያል።

ወደ መንደሩ የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያደንቀው ጀፎሮ የሚባለውን ጎዳና ነው። ጀፎሮ በመንደሩ መካከል የተዘረጋ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው፤ ቤቶቹም በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ተሠርተዋል። ከብት ይግጥበታል፥ ልጆች ይጫወቱበታል፥ ሽማግሌዎች ይዳኙበታል፥ ሠርግና ልቅሶ ይውልበታል፤ በመስቀልም ዳመራው የሚደመረው በዚሁ ላይ ነው። የሁሉም ስለ ሆነ ማንም አጥሮ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ቤቶቹ ክብ ናቸው፤ በመካከላቸውም ትልቅ ምሰሶ ቆሞ ጣሪያውን ይሸከማል። ከቤቱ ጀርባ የእንሰቱ ጓሮ ይጀምራል። ሴቶች ከበረቱ ፋንድያውን፥ ከምድጃው አመዱን በየማለዳው እየተሸከሙ ለእንሰቱ ያለብሳሉ። እንግዲህ የቤቱ ምድጃና የቤቱ እርሻ አንዱ ሌላውን እየመገበ ይኖራል ማለት ነው።

የእንሰት አስተዳደግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከጎለመሰ እንሰት ሥር የመካከሉ ቡቃያ ተቆርጦ ይወጣና ሥሩ ከፍግ ጋር ይቀበራል፤ ከዚያ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኙም እየተነቀለ ከቦታ ወደ ቦታ፥ ከጠባብ ወደ ሰፊ ይዛወራል። ለመቈረጥ የሚደርሰው እንደ አገሩ ቅዝቃዜና እንደ ዘሩ ዓይነት ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ቤተ ሰብ በጓሮው ውስጥ በየዕድሜው የተከፋፈለ እንሰት አለውና፥ ዘንድሮ የሚቈረጠው ሲያልቅ የሚመጣው ዓመት ተራውን ይጠብቃል። ዝናም ቢዘገይ እንደ ሌላው እህል ወዲያው አይደርቅም። በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ብርቱ ረኀብ በሆነ ጊዜ፥ እንሰት የሚተክሉት አገሮች የደረሰባቸው ጉዳት እጅግ ያነሰ ነበር። ዛሬም በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ሕይወቱን በእንሰት እንደሚደግፍ ይገመታል።

እንሰቱ ሲደርስ ሥራው የሴቶች ነው። የጎረቤት ሴቶች ተጠራርተው በጓሮው ውስጥ ቅጠል ያነጥፋሉ። ግንዱ በየልጡ ይከፈትና በጣውላ ላይ ዘንበል ተደርጎ ይጋደማል፤ ሴቲቱም መሬት ተቀምጣ ልጡን በእግሯ ደግፋ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቀዋለች። ሥጋው እየተፋቀ ይወርዳል፤ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ሥሩም ተጨቅጭቆ ከተፋቀው ጋር ይደባለቃል። ከውስጡ የሚወጣው ውሃ ሲረጋ ከታች እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ የሚቀረው ቡላ ነው፤ እርሱም ገንፎ ሲሆን ለአራስና ለሕመምተኛ የሚመረጥ ምግብ ነው። የቀረው ሁሉ በእንሰት ቅጠል በተለበደ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበታል። እዚያ ሆኖ እየተገላበጠ ለሳምንታትና ለወራት ይቦካል፤ በደጋው አገር ከዚያም አልፎ ይቈያል፤ በቈየ ቍጥርም ጣዕሙ ይበረታል።

ለማዕድ ሲፈለግ ከጉድጓዱ ይወጣና ውሃው እስኪጠፋ ተጨምቆ፥ በቢላዋ ደጋግሞ ተከትፎ፥ ቃጫው ተለቅሞ ይነፋል። ከዚያም በቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ በሁለቱም ወገን ይጋገራል። ከዚህ ተክል የሚጣል ነገር የለም። ቃጫው ገመድና ጆንያ ሆኖ ይሸጣል፤ ቅጠሉ ሰሐንና መጠቅለያ ይሆናል፤ ለጋው ሥር አሚቾ ተብሎ እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል፤ ትርፍራፊው ለከብት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅቤው እንመለስ። አንዲት ወይም ሁለት ላም ያላት ሴት ለመስቀል የሚበቃ ቅቤ በአንድ ጊዜ ልታወጣ አትችልም። ስለዚህ የጉራጌ ሴቶች ውጆ የሚባል ማኅበር አላቸው። ውጆ የቅቤ ዕቁብ ነው ማለት ይቻላል። ለምሳሌ 10 ሴቶች ማኅበር ቢገቡ በየሳምንቱ ሁሉም የተወሰነ መጠን ቅቤ አምጥተው ለባለ ተራዋ ይሰጧታል፤ በ10 ሳምንት ተራው ለሁሉም ይዳረሳል። አንዲቱ ብቻዋን ብታጠራቅም ጥቂት በጥቂት እየተበላ ያልቅባት የነበረው በጎረቤቶቿ እጅ ሆኖ ይጠበቅላታል። ገንዘብ ሳይኖር፥ ጽሕፈትም ሳይኖር፥ በመተማመን ብቻ የቆመ እንዲህ ያለ ሥርዐት ለማንኛውም የገንዘብ ሹም ትምህርት የሚሆን ነው። በዚህ ዓይነት የተጠራቀመው ቅቤ በሸክላ ማሰሮ ሆኖ መስቀልን ይጠብቃል።

ባልም የራሱ ዕዳ አለበት፤ የሚታረደውን በሬ እርሱ ያቀርባል። አቅም ያነሳቸው ጎረቤቶች ገንዘባቸውን ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው በአንድነት ይገዛሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ለዳመራና ለምድጃ የሚሆነውን እንጨት ከወራት በፊት ፈልጠው ይከምራሉ። እንዲህ ሁሉም ድርሻ ድርሻውን ይዞ ሲያበቃ፥ ሽማግሌዎች የቀረውን ሥራ ይሠራሉ፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ የመስቀልን ማዕድ መቅረብ ነውር ነውና በየቤቱ እየዞሩ ያስታርቃሉ።

የበዓሉ ቀኖችና ስሞቻቸው ከአንዱ ቤተ ጉራጌ ወደ ሌላው ጥቂት ቢለያዩም በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ እንዲህ ይከተላሉ። መስከረም 14 ቀን ደንጌሳት ይባላል፤ ይህ የሴቶች ቀን ነው። ቤቱ ተለቅልቆ፥ አዲሱ ጣባ ወርዶ፥ ጎመኑ እንደ ሥጋ ደቅቆ ተከትፎ ከአይብና ከቅቤ ጋር ይቀርባል፤ የጎመን ክትፎ የሚሉት ይህ ነው። በማግሥቱ ወኸምያ የእርድ ቀን ነው። ከዚያም ዳመራው ይበራል፤ መስከረም 17 ቀን ዋናው በዓል ይሆናል። ከዚህም በኋላ ዘመድ ከዘመድ እየተጠያየቀ፥ የተጫጨም ሠርጉን እየደገሰ ሳምንት ያህል ይቈያል። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባ ነው፤ የበዓሉ ክብር በአደባባይ ዳመራ ላይ ብቻ ሳይሆን እንደዚህ ባለው ቤት ውስጥም እንደሚታይ መዘንጋት አይገባም።

ክትፎ ስሙን ያገኘው ከመክተፍ ነው። ጅማትና ስብ የሌለበት ቀይ ሥጋ ይመረጥና በመክተፊያ እንጨት ላይ በስለታም ቢላዋ እስኪልም ድረስ ይከተፋል። መኪና ፈጭቶ የሚያወጣው ሥጋ ውሃውን ያጣል፤ ቢላዋ የከተፈው ግን ወዙን እንደ ያዘ ይቈያል። ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ነው፤ በለዘብተኛ እሳት ይቀልጣል እንጂ አይቃጠልም። ሚጥሚጣና ጨው ከቅቤው ጋር አስቀድሞ ይዋሐዳል፤ ሥጋው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ልኩ ስንት እንደ ሆነ መጠየቅ ግን ቀላል አይደለም። ከከተማ የመጣች ምራት ወረቀት ይዛ፥ «እማማ፥ ኮረሪማው ስንት ማንኪያ ይሁን?» ብትል፥ አማቲቱ ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ አፍንጫሽ ይንገርሽ እንጂ ማንኪያ ምን ያውቃል?» ይሏታል። ይህ ምላሽ ያስቃል፤ ነገር ግን ውስጡ ትልቅ ነገር አለበት። አማቲቱ ልኩን ያውቁታል፤ ያወቁት ግን ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ሠላሳና አርባ መስቀል በማየት ነው። ምራቲቱ ያንን ያህል ዘመን ለመቀመጥ ዕድል አላገኘችም።

ማዕዱ ሲቀርብ ቤተ ሰቡ በምሰሶው ዙሪያ ይቀመጣል። የእንሰት ቅጠል ይነጠፋል፤ ክትፎው በጣባ፥ አይቡና ጎመኑ በጎኑ፥ ቆጮውም ተቈራርሶ ይቀመጣል። ምርቃት ሳይሰማ ወደ ማዕድ የሚዘረጋ እጅ የለም። የቤቱ ታላቅ ተነሥተው ለከብቱ መርባትን፥ ለእንሰቱ መጽናትን፥ በከተማ ለሚኖሩት ልጆች ሰላምን፥ ለታረቁት ፍቅርን ይለምናሉ፤ ሌላውም አሜን ይላል። የክትፎው ብርታት በአይቡ ይለዝባል፥ የቅቤው ስባት በቆጮው ኮምጣጣነት ይመዛዘናል። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ማዕዱ ሙሉ አይሆንም።

በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ሆነው ይህን ማዕድ በቤታቸው ሊያዘጋጁ ለሚወዱ እመቤቶች የሚከተለው ልክ ለመነሻ ያህል ይበቃቸዋል። ለ1 ኪሎ ቀይ ሥጋ 200 ግራም የተነጠረ ቅቤ፥ 2 የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ፥ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፥ ጨውም እንደ ፍላጎት። አይቡን ለመሥራት ቅቤው የወጣለትን አሬራ በዝግተኛ እሳት ላይ አድርጎ ሳያማስሉ መጠበቅ ነው፤ እርጎው ተሰብስቦ አጓቱ ሲለይ ቀዝቅዞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ጎመኑ ተቀቅሎ ውሃው በደንብ ተጨምቆ ከተከተፈ በኋላ በጥቂት ቅቤና በነጭ ሽንኩርት ይታሻል። ቆጮ በማይገኝበት አገር ያሉ ወገኖቻችን በእንጀራ ይበሉታል፤ ይህም ነውር የለበትም።

ስለ ጤና ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ የኮሶ ትል ዘር ሊኖር ይችላል። አባቶቻችን የኮሶ አበባ በየጊዜው ይጠጡ የነበረው ስለዚህ ነው። ሥጋው በሐኪም የተመረመረ ይሁን፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ብርድ ውስጥ 10 ቀን የቈየ ሥጋ የኮሶውን ዘር ይገድለዋል። ሌሎችን የበሽታ ተሕዋስያን ግን ብርድ አይገድላቸውም፤ ለብለብ ማድረግም አይበቃም። ስለዚህ ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡርና ለደካማ ሰው ክትፎው ፈጽሞ ይብሰልላቸው። ቅቤውና ቅመሙ ደኅና ከሆነ የበሰለውም ክትፎ ጣዕሙ አይጠፋም።

ማንበብ ለሚወዱ ደግሞ ጥቂት መጻሕፍት እንጠቁማለን። ጀምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያደረጉትን ታላቅ ግብር ያትታሉ፤ ምግብ የመንግሥት ታሪክ አካል መሆኑን ከዚያ መማር ይቻላል። ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ሕዝብና ስለ እንሰት የጻፉት መጽሐፍም አለ። ለወጥ ቤት ሥራ ደግሞ ዳንኤል ጆቴ መስፍን በአሜሪካ አገር በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፍ በስደት ላሉ ብዙ ቤቶች አገልግሏል። ነገር ግን የምግብ መጽሐፍ ልማዱ፥ «ይህን ያህል ሥጋ፥ ይህን ያህል ቅቤ» ብሎ መጀመር ነው። የጉራጌ እናት መጽሐፍ ብትጽፍ ኖሮ የመጀመሪያው ምዕራፍ፥ «ከስድስት ዓመት በፊት እንሰት ትከል» የሚል በሆነ ነበር።

ይህ ያልተጻፈው ምዕራፍ ዛሬ በሦስት ወገን ያሠጋዋል። አንደኛው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን በሊቃውንት የተመዘገበው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በአንድ ጓሮ ከገባ ብዙ ዓመት የተደከመበትን ተክል በጥቂት ሳምንት ያጠፋል። ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው በተለይ የሥራው ቢላዋ ነውና፥ ቢላዋውን በእሳት ማጥራት፥ የታመመውንም ነቅሎ ርቆ መቅበር ይገባል። ሁለተኛው የሴቶች ድካም ነው። ፍቂያው ወገብ የሚሰብር ሥራ ሲሆን በልማድ ወንድ አይነካውም። የሚያቀል መሣሪያ በተመራማሪዎች ተሠርቷል፤ ቅቤውን የሚያደንቅ ባል ለሚስቱ ይህን መሣሪያ ቢገዛላት ከምስጋና ቃል ይበልጣል። ሦስተኛው መርሳት ነው። የከተማ ልጆች ክትፎ መክተፍ ይችላሉ፤ ቆጮ መቼ እንደሚገለበጥ፥ ኮሰረት መቼ ከቅቤ እንደሚወጣ፥ ውጆም በምን እንደሚጸና ግን የሚያውቁት እየጎደሉ ነው።

ስለዚህ በመጪው መስቀል ወደ አገራችሁ የምትሄዱ ሁሉ ከምትሸክፉት ስጦታ ጋር አንድ ባዶ ደብተር ጨምሩ። ከእናታችሁ፥ ከአያታችሁና ከአማታችሁ ጎን ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ የሚሉትን ብቻ ሳይሆን እጃቸው የሚያደርገውንም ጻፉ። «አፍንጫሽ ይንገርሽ» ቢሏችሁም ያንኑ ጻፉት፤ ከዚያም ኮረሪማውን ከመጨመራቸው በፊት በማንኪያ ለኩት። ወንዶችም ደብተሩን ለእኅቶቻችሁ ትታችሁ ዘወር አትበሉ፤ ማዕዱ የሁላችን ከሆነ ጥበቃውም የሁላችን ነው። ይህ ጉዳይ የጉራጌ ብቻ አይደለም። በጎንደርና በጎጃም፥ በሸዋና በወሎ፥ በሲዳማና በሐረርም እንዲሁ በአንዲት አሮጊት እጅ ውስጥ ብቻ ያለ ሙያ አለ፤ እጂቱም ያረፈች ዕለት ሙያው አብሮ ያርፋል። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ የተጻፈ ደብተር ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ርስት ነው።